ጸሐፊዋ ወጣ ብላለች

ዓይናዲስ ምንዋጋው ያን ማክሰኞ ጠዋት በፍቅረኛዋ ተናደደች ቢባል በሰቆጣው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ማንም አይደነቅም ነበር፤ በኪዳኑ መናደድ ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ይህኛው ንዴት ግን እንደ ሌላው ጊዜ በቀረ ቀጠሮ ወይም ባልተደወለ ስልክ የመጣ አልነበረም። በቀይ እስክሪብቶ በተጻፈች አንዲት መስመር የመጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርብ ዕለት ወደ ሰቆጣ የክብር እንግዳ ይመጣሉ። ሌዲ ሀርግሪቭ የሚባሉ እንግሊዛዊት ናቸው፤ በአገራቸው መንግሥት ውስጥ ከወንበር ወደ ወንበር ሲወጡ የኖሩ ፖለቲከኛ ነበሩ፤ ዛሬ ጡረታ ወጥተው በዋግ ኽምራ ገጠሮች ውኃ የሚያስቆፍር አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ይመራሉ። ለአቀባበሉ ሁለቱ ፍቅረኞች ሥራ ተከፋፍለዋል። ኪዳኑ የሴትዮዋን የሕይወት ታሪክ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ አርብ ዕለትም መድረክ ላይ ያስተረጉምላቸዋል። ዓይናዲስ ደግሞ ትተይባለች። ጸሐፊ ናት፤ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ።

የኪዳኑ ረቂቅ አምስት ገጽ ነበር። ሲጀምር አስቋታል። ሴትዮዋ በሠላሳ ሁለት ዓመታቸው ምክር ቤት ገቡ፣ ከዚያም «የፓርቲው ጅራፍ» ሆኑ ይላል። ከጎኑ በእርሳስ «አባላቱን ለድምፅ የሚሰበስብ ሰው ነው፤ ጅራፍ ያሉት እነሱ ናቸው፣ እኔን እንዳትቆጪኝ» ብሎ ጽፎላታል። ከጅራፍነት ተነሥተው በጤና መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ሆኑ። አንድ ሹም ሽር መጣና የግምጃ ቤቱ ዋና ጸሐፊ ተባሉ። ሌላ ሹም ሽር መጣና የአገር ውስጥ ጉዳይ ጸሐፊ፣ ቀጥሎም የውጭ ጉዳይ ጸሐፊ ሆኑ። በመጨረሻ ከጠቅላይ ሚኒስትራቸው ጋር በአንድ ጉዳይ አልስማማ ቢሉ፣ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ጽፈው ሥልጣኑን ጠረጴዛው ላይ ትተውለት ወጡ።

«ዝናሽ፣ ነይ ተመልከቺ» አለች ዓይናዲስ፣ መዝገብ ቤት የምትሠራውን ጓደኛዋን ጠርታ። «ሴትዮዋ እኮ እንደኔው ጸሐፊ ናቸው። ጸሐፊ ሆነው ዓለምን ዞረዋል።»

«አንቺን ግን የሚልኩሽ ገጠር፣ ጽጽቃ ነው» አለች ዝናሽ፣ ሁለቱም ሳቁ።

አራተኛው ገጽ ላይ ነው ሳቁ የቀረው። ከአናቱ በቀይ እስክሪብቶ፣ በዚያ በለመደችው ዘመም ያለ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ተብሏል፦ «ጸሐፊ የሚለው ቃል የእንግዳዋን ክብር ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሚኒስትር በሚለው ይተካ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛው ላይ ፊቷ ጋለ፤ ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችውና መስኮቱን ከፈተች፣ ምንም እንኳ ውጭው ቀዝቃዛ ቢሆን።

ኪዳኑ በአፉ የማይደፍረውን በወረቀት የሚጽፍ ሰው ነው። አንድ ኮሪደር ላይ እየሠሩ፣ በቀን አሥር ጊዜ እየተያዩ፣ ለመተየብ በሚያመጣላት ፋይል መሃል ደብዳቤ ይከትላታል። «ሰማያዊው ሹራብሽ ዛሬ ሥራ አላሠራኝም» ይላል አንዱ። «ስትስቂ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፣ እባክሽ ቶሎ ቶሎ ሳቂ» ይላል ሌላው። ሲያያት ደግሞ ዓይኑ የማያልቅ ትዕግሥት ያለበት ዓይን ነው። ያ ዓይን ባይኖር ኖሮ ገና ዱሮ ትታው ነበር፤ የችግሯ ሁሉ ምንጭ እሱ ነው።

በደብዳቤዎቹ ውስጥ የማይገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሽማግሌ።

የኪዳኑ አባት መሪጌታ አሥራተ ማርያም በሰቆጣ የታወቁ የአብነት መምህር ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም እንዲሁ ነበሩ። የዓይናዲስ አባት ግን ዝቋላ ወረዳ ውስጥ፣ ከጽጽቃ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ ማሽላ የሚዘሩ፣ ፍየል የሚያረቡ፣ ከአማርኛው ይልቅ ኽምጣናው የሚቀናቸው ገበሬ ናቸው። ይህ ልዩነት ለዓይናዲስ ምኗም አልነበረም። ለኪዳኑ ግን ገደል ሆነበት። መጀመሪያ ጾሙ ይፈታ አለ፤ ጾሙ ተፈታ። አባቴን ትንሽ አሟቸዋል አለ፤ መሪጌታ ድነው ማኅሌት ቆሙ። ክረምቱ ይውጣ፣ መንገዱ ይደርቅ አለ፤ ሦስት ክረምት ወጣ፣ መንገዱም ሦስት ጊዜ ደረቀ።

አሁን ደግሞ ጽጽቃ ያለው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ጠይቋል። የቢሮው ኃላፊ አቶ ጌታሰው የዝውውሩን ወረቀት ለዓይናዲስ ሰጥተው፣ እስከ አርብ ድረስ ፈርማ እንድትመልስ ነግረዋታል። ለኪዳኑም ቁርጡን ነግራዋለች። እስከ አርብ ሽማግሌ ከላክህ እቀራለሁ፣ ካልላክህ እፈርማለሁ ብላዋለች። የመለሰላት አንዲት ቃል ነበረች። «እናያለን» አላት። ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ሲያይ እንደከረመ እግዜር ይወቅ።

ከምሳ በኋላ ወደ ክፍሏ ብቅ አለ፣ ፋይል ታቅፎ።

«ቀዩን አየሁት» አለችው።

«እሱን ልነግርሽ ነበር የመጣሁት። አሥራ አንድ ቦታ ላይ ነው ያለው። ያደክምሽ ይሆን?»

«አያደክመኝም። ለምንድን ነው የሚቀየረው?»

«ስህተት ነው እኮ። እነሱ ጸሐፊ ይበሉት እንጂ፣ በኛ አገር ለዚያ ሥልጣን ሚኒስትር ነው የምንለው።»

«እሱን ብለህ ብትጽፍ ኖሮ ባልጠየቅኩህ። አንተ የጻፍከው ሌላ ነው። ክብር ዝቅ ያደርጋል ነው ያልከው።»

«ያው እኮ ነው፣ ዓይኔ።»

«ያው አይዶለም።»

ኪዳኑ ቀና ብሎ አያት። ያን ዓይኑን ሙሉ በሙሉ ጣለባት፤ ለአንድ አፍታ የገባው መሰላት፣ ልቧም ወደ እሱ ዘንበል አለ። ማን ላይ እንዲህ እንደጻፈ፣ የትኛዋ ጸሐፊ እንደምትተይበው አሁን ሊያስተውል ነው ብላ ጠበቀች።

«ደክሞሻል» አለ በርኅራኄ። «ሻይ ላምጣልሽ?»

ሻይ። ዓይናዲስ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈችና «አምጣልኝ» አለችው፣ ቶሎ ከፊቷ እንዲሄድላት። ሻዩን ይዞ ሲመጣ ስኳሩን ልክ እሷ እንደምትወደው አድርጎት ነበር፤ እሱ ደግሞ የባሰ ቆሽቷን አሳረራት።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አንዲት ሽክ ያሉ እናት ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው ገቡ። ዓይናዲስ አወቀቻቸው። በቤተ ክርስቲያን ስንት ጊዜ ከሩቅ አይታቸዋለች፤ የኪዳኑ እናት ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ናቸው። ብድግ አለችና ወንበር ሳበችላቸው።

«ተባረኪ ልጄ» አሉ ተቀምጠው። «መሪጌታ ላኩኝ። ለአርቡ ጉባኤ የሚመጡትን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስም በወረቀት አድርጊና ስጪያቸው ብለው። ለማን ነው የሚሰጥ?»

«ለእኔ ይስጡኝ፣ እማማ።»

«ስምሽ ማን ነው?»

«ዓይናዲስ።»

የሴትዮዋ ፊት በራ። «አንቺ ነሻ» አሉ፣ እጇን ይዘው። «ልጄ ያነሣሻል። እንዲያው እንደ ዋዛ አድርጎ ነው የሚያነሣሽ፣ እኔ ግን እናት አይደለሁ፣ ይገባኛል። አንዲት ኦፊሰር አለች፣ ትልቅ ባለሙያ ናት፣ የጉዞውንም የበጀቱንም ሥራ የምታቅደው እሷ ናት ይለኛል። ወጣት ነሽ ለካ።»

ኦፊሰር። እጇን የያዟት እጆች ለስላሳ ነበሩ፤ እጇን ልትስብ ፈለገች፣ ግን ነውር ነው።

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ዞር ዞር ብለው ክፍሉን አዩ። ኮምፒዩተሩን፣ ማተሚያውን፣ የተከመረውን ወረቀት አዩ። «ታዲያ አንቺ ኦፊሰሯ በጸሐፊ ወንበር ምን ትሠሪያለሽ? ጸሐፊዋ የት ሄደች?»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ ለማለት ሦስት ቃል ይበቃል። ግን እኒህ እናት ደስ ብሏቸው ነው የመጡት፤ ልጃቸውን በገዛ መሥሪያ ቤቱ ውሸታም ማድረግ ደግሞ የእሷ ድርሻ አይደለም። ወይም እንዲያ ብላ ራሷን አታለለች። እውነቱ ፈርታ ነበር።

«ወጣ ብላለች» አለች ዓይናዲስ።

ሴትዮዋ መርቀዋት ሄዱ። ዓይናዲስ በገዛ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ በገዛ ክፍሏ ውስጥ፣ የሌለች ሰው ሆና ቀረች። በሰባት ዓመት ውስጥ በሥራዋ አፍራ አታውቅም ነበር። ያሳፈራት የሚወዳት ሰው ነው፣ ይኼ ደግሞ ከየትኛውም ስድብ የባሰ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ጨረሰች። የሕይወት ታሪኩና የአርቡ መርሐ ግብር በአንድ ፋይል ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑን ስሞች አስገባች፣ የመድረክ መሪውንና የአስተርጓሚውን ስም አስገባች፤ አቶ ጌታሰው የደከመ ሁሉ ይመስገን ስለሚሉ ከግርጌው የራሷንም ስም ጨመረች። ከዚያ የቀረችው ያቺ የቀይ እስክሪብቶ ትእዛዝ ናት። አንድ በአንድ እየፈለገች ለመቀየር አንጀቷ እምቢ አላት። «ጸሐፊ» የምትለውን ቃል ባገኘህበት ሁሉ «ሚኒስትር» በል ብላ ኮምፒዩተሩን አዘዘችው። እሱ እንደ ኪዳኑ አያመነታም፤ ወዲያው አሥራ ሦስት ቦታ ቀይሬያለሁ አላት። አሥራ አንድ ነበር የተባለው። ሁለቱ ከየት መጡ ብላ ለማየት ልቡና አልነበራትም፤ መቶ ሃያ ቅጂ አተመች።

ማተሚያው እየሠራ ሳለ አዲስ ገጽ ከፈተች። ደብዳቤ መጻፍ የሚያውቀው እሱ ብቻ አይደለም። እሷ የምታውቀው የደብዳቤ ዓይነት ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

«ለአቶ ኪዳኑ አሥራተ ማርያም
ባሉበት
ጉዳዩ፦ ትርጉም እንዲታረም ስለመጠየቅ
ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት እኔን ለቤተሰብዎ ሲተረጉሙ መቆየትዎን ዛሬ ተረድቻለሁ። በትርጉምዎ መሠረት ኦፊሰር ሆኛለሁ። ወላጅ እናትዎ በቢሮዬ ተገኝተው ጸሐፊዋ የት ሄደች ሲሉ ለጠየቁኝ፣ ወጣ ብላለች የሚል ምላሽ ሰጥቻለሁ። ራሴን ስክድ የመጀመሪያዬ ነው። እንግዳዋን በተመለከተ ትርጉሙ ልክ ሊሆን ይችላል፤ እኔን በተመለከተ ግን ስህተት ነው፣ ደግሞም ያማል። ስለሆነም የጽጽቃውን ዝውውር የምቀበል መሆኔን እየገለጽኩ፣ ጸሐፊዋን የሚፈልግ ካለ ከሰኞ ጀምሮ እዚያው የምትገኝ መሆኑን አስታውቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር
ዓይናዲስ ምንዋጋው
ጸሐፊ
ግልባጭ፦ ለራሴ፣ እንዳልረሳው»

እንደ ልማዱ እሱ በሚያደርገው መንገድ፣ ለመድረክ በሚይዘው ፋይል መሃል ከተተችው። ከዚያ ማተሚያውን አጥፍታ፣ ባጃጅ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

አርብ አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ሌዲ ሀርግሪቭ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ሙሉ ነጭ፣ ተራራ መውጫ ጫማ ያደረጉ ሴት ናቸው፤ ያን ሁሉ ሥልጣን የያዙ አይመስሉም። ኪዳኑ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከጎናቸው ተቀምጧል። ፋይሉን ገና አልከፈተውም። ዓይናዲስ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ የዝውውሩ ወረቀት እንዳልተፈረመ ቢሮዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ምናልባት የምትል ሞኝ ልብ አለቻት፣ እሷኑም እየረገመቻት ቆማለች።

መርሐ ግብሩ ሲታደል ከፊተኛው ረድፍ ጉምጉምታ ተነሣ። ከዚያ ሳቅ ተከተለ። አቶ ጌታሰው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ ወደ ኋላ ዞረው ዓይናዲስን አዩ፣ ደግመው ወረቀቱን አዩ። ዓይናዲስም ያኔ ነው አንድ ቅጂ አንሥታ ያነበበችው። «የጸሎት መክፈቻ፦ መሪጌታ አሥራተ ማርያም፣ የሰበካ ጉባኤ ሚኒስትር» ይላል። ከግርጌው ደግሞ፦ «ጽሑፉን ያዘጋጁት፦ ወይዘሪት ዓይናዲስ ምንዋጋው፣ የጽሕፈት ቤቱ ሚኒስትር።» የተረፉት ሁለቱ ተገኙ።

መሪጌታ አሥራተ ማርያም ለጸሎት ተጠሩ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ያዙ።

«ከጸሎቱ በፊት አንድ እርማት አለኝ» አሉ። «በዚህ ወረቀት የሰበካ ጉባኤ ሚኒስትር ተብያለሁ። ሚኒስትርነቱ ለሚገባቸው ይሁን። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ብራና ፍቄ፣ ቀለም በጥብጬ ጸሐፊ ነኝ። ዳዊት እየጻፍኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩ። የደብሩም ሰው ሲመርጠኝ ጸሐፊ ይሁነን ብሎ ነው የመረጠኝ። ይህን ማዕረግ የነጠቀኝ ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል።»

አዳራሹ ሳቀ። መሪጌታ ግን አልሳቁም፣ ከልባቸው ቅር ብሏቸዋል። ኪዳኑ መድረኩ ላይ አመድ መሰለ። ዓይናዲስ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተሰማት፤ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ የሚያሰኝ እፍረት፣ ከሥሩም ሌላ ነገር። እኒያ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትፈራቸው የኖረቻቸው አባት፣ በገዛ አፋቸው፣ በሞላ ጉባኤ ፊት፣ የእሷን የሥራ ስም የራሳቸው ክብር ነው አሉ።

ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሌዲ ሀርግሪቭ ወደ ኪዳኑ ዘንበል ብለው ሰዎቹ ምን እንዳሳቃቸው ጠየቁት። በሹክሹክታ አስረዳቸው። ሴትዮዋ ጮክ ብለው ሳቁ፣ ተነሡና ማይክራፎኑን ያዙ። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግረው እንዲተረጉም ቆሙለት። ኪዳኑ ማስታወሻ ለመያዝ ፋይሉን ከፈተ፣ እዚያው ደርቆ ቀረ።

ሲያነብ አየችው። ዓይኑ ከመስመር ወደ መስመር ሲወርድ፣ ግርጌው ጋ ሲደርስ፣ ተመልሶ ወደ አናቱ ሲወጣ አየች። ሕዝቡ ይጠብቃል። ሴትዮዋ ይጠብቃሉ። አንዱ አሳለ። ኪዳኑ ራሱን ቀና አድርጎ በአዳራሹ ላይ ዓይኑን አንከራተተ፣ በሩ ጋ አገኛት። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ በዚያ ዓይን ውስጥ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

ሴትዮዋ የተናገሩትን ደገሙለት። እሱም መተርጎም ጀመረ፣ አስተርጓሚ እንደሚያደርገው እኔ እያለ።

«እኔንም ሚኒስትር ብላችሁኛል፣ አመሰግናለሁ» አለ። «ነገር ግን… በኔ አገር ሚኒስትር የሚባለው ትንሹ ነው። ሚኒስትር ሆኜ ስድስት ዓመት ከደከምኩ በኋላ ነው ጸሐፊ ያደረጉኝ።» ድምፁ ተሰበረ። «ጸሐፊ ትልቁ ነው። እባካችሁ ዝቅ አታድርጉኝ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ለሴትዮዋ ነው ያጨበጨበው። ዓይናዲስ ግን ያ ድምፅ ለማን እንደተሰበረ ታውቃለች፤ እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞላ። እዚያው ላይ እንዳለች ደግሞ ንዴቱ ተመልሶ መጣባት። ይኸው፣ አሁንም። ሦስት ዓመት የጠበቀችውን ቃል ሲናገር እንኳ በሰው አፍ፣ በእንግሊዛዊት ሴት ስም ነው የሚናገረው። ጭብጨባው ሳያልቅ ወጣች። ግቢውን አቋርጣ ቢሮዋ ገባች፣ የዝውውሩን ወረቀት ሳበች፣ ፈረመች። ቀለል ይለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም።

ተመልሳ ስትወጣ ግቢው ውስጥ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ሦስቱ ቆመው አገኘቻቸው። ኪዳኑ የእናቱን ክንድ ይዟል። መሪጌታ መርሐ ግብሩን አጣጥፈው እጃቸው ላይ አድርገዋል። አዳራሹ ውስጥ እንግዳዋ ያለ አስተርጓሚ ከአቶ ጌታሰው ጋር በምልክት እየተነጋገሩ ነበር።

«እማዬ» አለ ኪዳኑ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል። «ዓይናዲስ ናት። ኦፊሰር አይደለችም፣ ዋሽቼሻለሁ። ጸሐፊ ናት። አባቷ ዝቋላ ገበሬ ናቸው። ላገባት እፈልጋለሁ፣ ከወደድኳት ሦስት ዓመቴ ነው።»

ከዚያ መብረቅ እንደሚጠብቅ ሰው ትከሻውን ሰበሰበ።

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል እሱን ትተው ዓይናዲስን አዩ። «ረቡዕ ጸሐፊዋ ወጣ ብላለች ያልሽኝ አንቺው ነሽ?»

«እኔው ነኝ፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«የምን ይቅር ይበሉኝ ነው፣ አንቺ ምን አጠፋሽ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይህቺን ለመናገር ነው ሦስት ዓመት? ኧረ ተው ኪዳኑ። እኔ እኮ አንዲት የማትሆን ነገር ይዘሃል ብዬ ስጸልይ ነው የከረምኩ።»

«አባቴ የሚቆጡ መስሎኝ» አለ ኪዳኑ። «የካህን ቤት ነው፣ የዘር ነገር፣ የሥራዋ ነገር…»

መሪጌታ አሥራተ ማርያም በቀስታ ጠየቁት። «እኔ እንዲህ ስል ሰምተኸኛል?»

«አልሰማሁም።»

«ጠይቀኸኛልስ?»

«አልጠየቅኩዎትም።»

ያ ነበር ሁሉ ነገር። ዓይናዲስ በልቧ አሰላችው። ኪዳኑ እማዬ ካለበት እስከዚህ ድረስ አንዲት ደቂቃ አልሞላም። አባትዬው ቢቆጡ ኖሮ፣ እናትየዋ ደረታቸውን ቢደቁ ኖሮ፣ ያ የጠበቀችው ሁሉ ጊዜ ምክንያት ይኖረው ነበር። ገደል የተባለው ቦታ ገደል አልነበረም። ማንም አልከለከለም። ማንም አልተጠየቀም። ሦስት የቡሄ ጭፈራ፣ ሦስት ገና፣ ስንትና ስንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተለያይተው እንደማይተዋወቁ የቆሙበት፣ በሙሉ በከንቱ ነበር። እንባዋ ወረደ፤ የደስታ ነው ብለው እንዳያስቡ በንዴት ጠረገችው።

«ፈርሜያለሁ» አለችው።

«አቶ ጌታሰውን አናግራቸዋለሁ፣ ይሰርዙታል…»

«ስለ እኔ ማንንም አታናግርልኝ። ስለ እኔ የተናገርከው ይበቃል። ሰኞ እሄዳለሁ።»

«እሺ» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ሽማግሌ እልካለሁ። እኔም አብሬ እስከ ደጃፉ እመጣለሁ። ብቻ ዓይኔ…» ወደ ጫማው አየ። «የአባትሽን ቤት አላውቀውም።»

ሦስት ዓመት የወደዳት ሰው የአባቷ ቤት በየት በኩል እንደሆነ አያውቅም። ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ፣ ለሳቅ ይሁን ለእፍረት አልታወቀም።

«ከጽጽቃ በኋላ በእግር ነው፣ ግማሽ ቀን» አለች ዓይናዲስ።

«ማን ያሳየኛል?»

«ማንም አያሳይህም» አለችው። «ትጠይቃለህ።»

መሪጌታና ወይዘሮ ወለተ ገብርኤልን እጅ ነሥታ ወደ ቢሮዋ ሄደች። በሩን ዘግታ፣ ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች። በመንገዱ ዳር ያለውን ሰው ሁሉ አስቁሞ የምንዋጋው ቤት የት ነው ይል እንደሆነ፣ ወይስ የዘንድሮ ክረምት ይውጣ ይል እንደሆነ አታውቅም። አንድ ነገር ግን ታውቃለች። ከሰኞ ጀምሮ፣ ወደደችም ጠላችም፣ ዓይኗ ከዚያ መንገድ ላይ አይነሣም፤ ከሁሉ ይልቅ ያበሸቃት ይኸው ነበር።